ባለኀዘኑ ማነው? (ስለ ሁለት ጥንታውያን አጽሞችና ስለ ወገኖቻቸው)



በእኛ በእድርተኞች ዘንድ ጥሩንባ ነፊው መንገድ ሳይጀምር፣ ድንኳኑም ከመጋዘን ሳይወጣ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። «ባለኀዘኑ ማነው?» ይባላል። የቀብሩን ሰዓትና ቦታ የሚቆርጠው፣ ካህኑን ወይም ሼኹን የሚያስጠራው፣ ሩቅ አገር ያለ ልጅ እስኪደርስ ይጠበቅ ወይም አይጠበቅ ብሎ የሚወስነው ባለኀዘኑ ነውና። እድሩ ገንዘብ አለው፣ ዕቃ አለው፣ ጉልበት አለው፤ ቢሆንም ባለኀዘኑ ሳይጠየቅ አንዲት ነገር አያደርግም። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ታዲያ ሟቹ የሞተው ትናንት ሳይሆን ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ቢሆንስ? ባለኀዘን አለው ወይ? አለው ከተባለስ፣ አጽሙን ለመመርመር የፈለገ ሊቅ እርሱን ማስፈቀድ ይገባዋል ወይ? ይህ ለጨዋታ ያህል የተነሣ ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካ አገር ሊቃውንትንና ነባር ሕዝቦችን ፍርድ ቤት ድረስ አድርሶ ሃያ ዓመት ያህል ያጨቃጨቀ ነገር ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ ያለ አንዳች ክስ፣ በመመካከር ብቻ አልቋል። የሁለቱ ጉዳይ በአንድ ዓመትና በአንድ ወር መጀመሩ ስለ ገረመኝ ለዘንድሮው መጽሔታችን ጽፌዋለሁ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ጥቂት ላስረዳ። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የምላቸው ፈረንጅ ወደዚያ ክፍለ ዓለም ከመድረሱ በፊት አገሩን ይዘው ይኖሩ የነበሩትን፣ እኛ በልማድ ቀይ ሕንዶች እያልን የምንጠራቸውን ነው። አንድ ሕዝብ አይደሉም። እያንዳንዱ ጎሣ የራሱ ስም፣ የራሱ ቋንቋና የራሱ ምክር ቤት አለው። አርኪዮሎጂ የሚባለው ትምህርት ደግሞ መሬት እየቆፈረ፣ ከአፈር ውስጥ በሚያገኘው ዕቃና አጥንት የጥንት ሰዎችን አኗኗር የሚያጠና ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከመንገድ ሥራ ልጀምር። በ1971 አዮዋ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ግሌንዉድ በምትባል ከተማ አጠገብ አውራ ጎዳና ሲሠራ ሠራተኞቹ የቆየ መቃብር ላይ ደረሱ። ከመቃብሩ የ26 ነጭ ሰፋሪዎች አጽም ወጣ። እዚያው የአንዲት የነባር ሕዝብ ሴትና የሕፃን ልጅዋ አጽም ተገኘ። የሃያ ስድስቱ አጽም ሳይውል ሳያድር በሌላ ቦታ በወጉ ተቀበረ። የእናትና የልጅ አጽም ግን ለምርመራ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። አንድ መቃብር፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ዓይነት ፍርድ ማለት ይኸ ነው።

ይህንን የሰማች ማሪያ ፒርሰን የምትባል የያንክተን ዳኮታ ጎሣ ተወላጅ ነበረች። የሰማችውም ከገዛ ባለቤቷ ነው፤ እርሱ የመንገዱ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበርና ማታ ቤቱ ሲገባ የዋለበትን ነገራት። ሴትዮዋ የአገሯን ልብስ ለብሳ የክፍለ ሀገሩ ገዥ ወደ ሆነው ወደ ሮበርት ሬይ ቢሮ ሄደች። ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቃት የወገኖቿ አጥንት እንዲመለስላትና ከእንግዲህም ወዲያ መቆፈሩ እንዲቀር ጠየቀችው። መቸም አቤቱታ ለማቅረብ ብዙ ወረቀት ይጻፋል፤ እርሷ ግን የጠየቀችው እነዚህን ሁለት ነገሮች ብቻ ነው። ገዥውም ሰማት። በ1976 አዮዋ የነባር ሕዝቦችን የጥንት መቃብር እንደ ማንኛውም መቃብር የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ በአሜሪካም በዓይነቱ የመጀመሪያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ይህች ሴት እስከ ሞተችበት እስከ 2003 ድረስ ከእነዚያው ከአርኪዮሎጂ ሰዎች ጋር እየተነጋገረች ስትሠራ ኖረች። ተጣልታ አልቀረችም ማለቴ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ለሁለት ሰው አጥንት ይህን ያህል?» ይል ይሆናል። ነገሩ የሁለት ሰው ብቻ አልነበረም። በ1868 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ዋና ሐኪም በየጦር ሰፈሩ ያሉ ሐኪሞች የነባር ሕዝቦችን የራስ ቅል እየሰበሰቡ ለሠራዊቱ የሕክምና ሙዚየም እንዲልኩ አዘዘ። በጊዜው የሰውን ዘር በራስ ቅል ልኬት እናበላልጣለን የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። በዚህ ዓይነት ከ4,000 በላይ የራስ ቅል ተሰበሰበ። አንዳንዱ ከጦር ሜዳ የተነሣ ነው፣ አንዳንዱም ሬሳው ገና ሳይፈርስ ከመቃብር የወጣ ነው። ኋላም የዩኒቨርሲቲና የሙዚየም ሰዎች በየፊናቸው ሲቆፍሩ ኖሩ። እንግዲህ አያቱ በካርቶን ውስጥ ቁጥር ተጽፎበት በመደርደሪያ ላይ መቀመጡን የሚያውቅ ሰው ቆፋሪን ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

በመጨረሻ በኅዳር 1990 የአሜሪካ መንግሥት የነባር ሕዝቦችን መቃብር የሚጠብቅና አጽማቸውን የሚያስመልስ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሙዚየሞች በእጃቸው ያለውን አጽም ዘርዝረው ለጎሣዎቹ ማስታወቅና ሲጠየቁ መመለስ አለባቸው። በመንግሥት መሬት ላይ አዲስ አጽም ከተገኘም ጎሣዎቹ ይጠየቃሉ። ሕጉ ግን «የማን ወገን ነው?» ለሚለው ማስረጃ ይፈልጋል። ለመቶ ዓመት አጽም ማስረጃ ይገኝ ይሆናል። ለአሥር ሺህ ዓመቱስ?

አሁን ወደ ሁለቱ ሟቾች እንመለስ።

በ1996 ጁላይ 4 ቀን ቲሞቲ ሂተን የሚባል የጥንት እንስሳትን አጥንት የሚያጠና ሊቅ በአላስካ፣ ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ በምትባል ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ በሚገኝ ጠባብ ዋሻ ውስጥ ይሠራ ነበር። ዋሻው ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ካልሆነ አይገባበትም፤ በፈረንጅኛ የተሰጠው ስምም ይህንኑ የሚገልጽ ነው። ሰውየው የሚፈልገው የድብ አጥንት ነበር። ያገኘው ግን የሰው መንጋጋ፣ የዳሌ አጥንትና ከድንጋይ የተሠራ የጦር ጫፍ ነው። ወዲያው ሥራውን አቁሞ መሬቱን ለሚያስተዳድረው ለመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት አስታወቀ። የመሥሪያ ቤቱ አርኪዮሎጂስት ቴሪ ፊፊልድም ብዙ ሳይቆይ በዚያው ደሴት ላይ ወደሚኖሩት ወደ ክላዎክና ወደ ክሬግ ጎሣ ምክር ቤቶች ሄዶ የተገኘውን ነገራቸው። የእነዚህ ሰዎች ሕዝብ ትሊንጊት ይባላል።

ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ የአጽሙን ዕድሜ ገና ማንም አላወቀም። ሰውየው ማስረጃ እስኪሟላ፣ ዝምድና እስኪረጋገጥ አልጠበቀም። አጽም ተገኝቷል፣ አገሩ የእናንተ ነው፣ ምን እናድርግ ብሎ ጠየቀ። በእኔ አስተያየት የጠቅላላው ነገር ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የምክር ቤቶቹ ስብሰባም ቀላል አልነበረም። እኛም በየጠቅላላ ጉባኤያችን የምናውቀው ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ የሞተ ሰው አይነካም፣ ባለበት ይረፍ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ይህ ሰው ዛሬ የተገለጠው የሚነግረን ነገር ቢኖረው ነው፣ እንስማው እንጂ አሉ። ተከራክረው ሲያበቁ ምርመራው እንዲቀጥል ፈቀዱ፤ ፈቃዳቸው ግን ከግዴታ ጋር ነው። አንደኛው፣ ቦታው ሰው ሆን ተብሎ በሥርዓት የተቀበረበት ሆኖ ከተገኘ ቁፋሮው ወዲያው ይቆማል። ሁለተኛው፣ ሊቃውንቱ የደረሱበትን ሁሉ ለጋዜጣ ከመስጠታቸው በፊት ለእኛ ይነግሩናል የሚል ነው።

ሁለተኛውን ግዴታ ሳነብ መርዶ ትዝ አለኝ። በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው እንጂ እናት የልጅዋን ሞት ከመንገደኛ ወይም ከሬዲዮ እንድትሰማ አይደረግም፤ ቢደረግም ከሞቱ የባሰ ያንገበግባል። የክላዎክና የክሬግ ሰዎች የጠየቁት ይህንኑ ነው። ስለ አባታችን የሚነገር ካለ ቀድመን እኛ እንስማ ነው ያሉት። ለአንድ ሊቅ ይህ ምን ያጎድልበታል? ምንም።

ከዚያ በኋላ ጄምስ ዲክሰን የሚባል አርኪዮሎጂስት ቁፋሮውን እየመራ ለተከታታይ ዓመታት ተሠራ። የጎሣዎቹ ወጣቶችም አብረው ቆፈሩ፣ አፈር በወንፊት ነፉ፣ ትምህርቱን ተማሩበት። ሊቃውንቱም ውጤታቸውን እየያዙ ለምክር ቤቶቹ ያስረዱ ነበር። አጽሙ በሥርዓት የተቀበረ ሰው አልነበረም፤ አውሬ የበታተነው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዴታ አልተነካም።

የተገኘው ትምህርት ብዙ ነው። ሰውየው ዕድሜው በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነበር። የኖረውም ከዛሬ 10,300 ዓመት ገደማ በፊት ነው። አጥንቱ ሲመረመር ምግቡ በአብዛኛው ከባሕር የሚገኝ ነበር። በዋሻው ከተገኙት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ በዚያ ቦታ ከማይገኝ ባልጩት የተሠሩ ናቸው። በደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ማለት በጀልባ መሄድና ከሌላ አገር ሰው ጋር መለዋወጥ ነበረ ማለት ነው። የጥንት ሰዎች ወደ አሜሪካ የገቡት በየብስ አውሬ እየተከተሉ ብቻ ነው ይባል ለነበረው ነገር፣ የባሕር ዳርም መንገድ ነበረ ለሚሉት ሊቃውንት ብርቱ ድጋፍ ሆነላቸው። ትሊንጊቶቹ እንደሆነ ድሮም የባሕር ሰዎች ነን፣ አያቶቻችን እዚሁ ነበሩ ሲሉ የኖሩ ናቸው።

ለሟቹም ስም አወጡለት። ሹካ ካ ይባላል (እንጀራ ያልለመደ እንግዳ የሚበላበት ሹካ እንዳይመስላችሁ)፤ በቋንቋቸው ከእኛ ፊት የነበረው ሰው ማለት ነው። ቁጥር ብቻ የነበረው አጽም ስም አገኘ። ከዚህም አልፎ ፈቃዳቸውን ተጠይቀው ከአጽሙ ዲ.ኤን.ኤ. (ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የደምና የዘር ምልክት) ሲወሰድ ተስማሙ፤ ኋላም ከሕዝባቸው ብዙዎች የራሳቸውን ናሙና በፈቃዳቸው ሰጡ። ይህን ያደረጉት አያቶቻቸው በራስ ቅል ልኬት የተዋረዱባቸው ሰዎች ልጆች ናቸው። እምነት ካለ ሰው ምን ያህል እንደሚሰጥ ከዚህ ይታያል።

በ2007 የደን መሥሪያ ቤቱ አጽሙን ለጎሣዎቹ አስረከበ። በ2008 በሴፕቴምበር ወር ሹካ ካ ሕዝቡና ሊቃውንቱ በተገኙበት ተቀበረ። የቆፈሩት ሰዎች ለቀስተኛ ሆነው ቆሙ ማለት ነው። በ2017 የታተመ የዲ.ኤን.ኤ. ጥናትም የዚያ ጠረፍ ሕዝቦች ከእርሱ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ የዘር መቀጠል እንዳላቸው አሳየ።

ሁለተኛውን ሟች ደግሞ ስሙ። ሹካ ካ በተገኘ በ24ኛው ቀን፣ ማለትም በዚያው በ1996 ጁላይ 28 ቀን፣ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ኬነዊክ በምትባል ከተማ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የጀልባ እሽቅድምድም ነበር። ሁለት ወጣቶች ለማየት መጥተው ከወንዙ ዳር የሰው ራስ ቅል አገኙ። ፖሊስ ተጠራ። በአካባቢው ያለ ጄምስ ቻተርስ የሚባል አርኪዮሎጂስት አጥንቱን ለቀመ፤ ሙሉ ሊባል ጥቂት የቀረው አጽም ሆነ። በመጀመሪያ ከመቶ ዓመት በፊት የኖረ ነጭ ሰፋሪ ነው የሚል ግምት ነበር። ሆኖም በዳሌው አጥንት ውስጥ የጥንት የድንጋይ ጦር ጫፍ ተሰክቶ ተገኘ። ዕድሜው ሲመረመር ወደ 8,500 ዓመት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። የራስ ቅሉ መልክ የአውሮፓ ሰው ይመስላል የሚል ወሬ በጋዜጣ ወጣ። በዜና ማሠራጫ ሁሉ፣ እንግዲህ ቀድሞ አሜሪካን የያዙት ነጮች ናቸው ወይ ተባለ። ኡማቲላ፣ ያካማ፣ ኔዝ ፐርስ፣ ኮልቪልና ዋናፑም የሚባሉ አምስት የወንዙ አካባቢ ሕዝቦች ደግሞ ይህ አባታችን ነው፣ ጥንታዊው ብለን የምንጠራው እርሱን ነው፣ ወደ መሬቱ እንመልሰው ብለው ጠየቁ። መሬቱን የያዘው የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ክፍል ሊያስረክባቸው ወሰነ። በኦክቶበር 1996 ስምንት ሊቃውንት መንግሥትን ከሰሱ።

የከሳሾቹን ነገር በንቀት ማለፍ አይገባም። እንዲህ ያለ ሙሉ አጽም በአሜሪካ እጅግ ብርቅ ነው፤ ሳይመረመር ከተቀበረ እስከ መጨረሻው ጠፋ ማለት ነው፣ በ8,500 ዓመት ውስጥ ሕዝብ ከቦታ ወደ ቦታ ስንት ጊዜ ተዛውሯል፣ የእነዚህ ጎሣዎች አባት መሆኑን ማን ያውቃል አሉ። ጎሣዎቹ ደግሞ የእኛ ታሪክ ከአባቶቻችን በአፍ የተላለፈ ነው፣ ሁልጊዜም እዚህ ነበርን፣ ሃይማኖታችንም ሬሳ ወደ መሬት እንዲመለስ ያዝዛል ብለው መለሱ። እዚህ ላይ የታሪክ ማስረጃ የሚባለው ወረቀትና አጥንት ብቻ ነው ወይስ ከአባት የሰማነውም ይቆጠራል የሚል ከባድ ነገር መጣ። በ2002 ፍርድ ቤቱ ለሊቃውንቱ ፈረደ፤ በ2004ም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። የጎሣዎቹ የአፍ ታሪክ ለዚያን ያህል ዘመን ዝምድናን አያረጋግጥም ተባለ።

በዚህ መካከል አጽሙ ሲያትል በሚገኘው በበርክ ሙዚየም ተቆልፎበት ነበር። ጎሣዎቹ እየመጡ በደጁ ይጸልዩለት ነበር። በ2005ና በ2006 ሊቃውንቱ አጽሙን መረመሩት፤ በ2014ም ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙበት። ከደረሱበት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ሰውየው በጀርባው ተጋድሞ፣ ሰው ሆን ብሎ የቀበረው ነበር። ቀባሪ ነበረው ማለት ነው።

ከዚያ የዲ.ኤን.ኤ. ጉዳይ ተነሣ። ኤስኬ ቪለርስሌቭ የሚባል የዴንማርክ ሊቅ ከእጁ አጥንት በተወሰደ ቁራጭ ምርመራውን ሲጀምር ወደ ጎሣዎቹ ሄዶ አነጋገራቸው፤ ላቦራቶሪውንም መጥተው እንዲያዩ ጋበዛቸው። ከአምስቱ መካከል ኮልቪሎች ናሙና ሰጡ። የቀሩት አልሰጡም፤ ከዚያ ሁሉ ሙግት በኋላ ማን ይፈርድባቸዋል? በጁን 2015 ውጤቱ ታተመ። ሟቹ በዓለም ላይ ካሉት ሕዝቦች ሁሉ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ ከተነጻጸሩትም ውስጥ ኮልቪሎች ከቅርቦቹ ናቸው። ነጭ ነው የተባለው ሁሉ ውኃ በላው። ሽማግሌዎቹ በ1996 የተናገሩት ቃል ከ19 ዓመት በኋላ በላቦራቶሪ ተመሰከረለት።

እዚህ ላይ ሳላድበሰብስ የምናገረው ነገር አለ። አጽሙ በ1996 ወዲያው ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ምስክርነት ባልተገኘ ነበር፤ ዛሬም ነጭ ነው የሚሉ ይኖሩ ነበር። ይህ እውነት ነው፣ የከሳሾቹም ወገን ይህን ሲል ይሰማል። ነገር ግን የአላስካውን እዩት። እዚያም ተመርምሯል፣ እዚያም ዲ.ኤን.ኤ. ተወስዷል፣ እዚያም ተቀብሯል። የዚያኛው አሥራ ሁለት ዓመት ሲፈጅ የዚህኛው ሃያ ዓመት ተኩል ፈጀ፤ ከዚህም ውስጥ ስምንት ዓመት ያህሉ በሙግት ያለፈ ነው። እኔ ልዩነቱን የሊቃውንቱ ዕውቀት ማነስና መብዛት አላደርገውም፤ ሁለቱም ጋ የታወቁ ሊቃውንት ናቸው የሠሩት። የጎሣዎቹም ጠባይ አይደለም፤ ኡማቲላዎች የራሳቸው የቅርስ ጥበቃ ክፍልና የራሳቸው አርኪዮሎጂስቶች ያሏቸው እንጂ ምርምር የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። አላስካ ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተጠየቁ፤ ኬነዊክ ላይ ግን ጋዜጣው ቀደመ። መርዶውን ከመንገደኛ ሰሙት።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ በ1868 ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ፤ አጽሙም በዊንድሰር አለ። በ2007 መንግሥታችን እንዲመለስ ጠየቀ። በ2023 ደግሞ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ሟቾች አጽም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ እንደማይመልስ ገለጸ። የእርሱ ባለኀዘን ማን እንደሆነ የሚጠራጠር የለም፤ ስሙም፣ አባቱም፣ የሞተበትም ቀን ተጽፎ አለ። እንዲያም ሆኖ አልተመለሰም። ስለዚህ ያለ ወረቀትና ያለ ፎቶግራፍ የ8,500 ዓመት አባታቸውን ያስመለሱት ሰዎች ጽናት ያስደንቀኛል።

በአሜሪካም ቢሆን ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለት አይደለም። የ1990ው ሕግ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ በየሙዚየሙ ያልተመለሰ ብዙ ሺህ አጽም ነበር። በጃንዋሪ 2024 ግን አዲስ ደንብ ተፈጻሚ ሆነ። በዚህ ደንብ ሙዚየሞች የነባር ሕዝቦችን አጽምና የመቃብር ዕቃ ለሕዝብ ከማሳየታቸው ወይም ከመመርመራቸው በፊት የጎሣዎቹን ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። የጎሣ ሽማግሌዎች ዕውቀትም ክብር እንዲሰጠው ተደነገገ። ደንቡ ሲወጣ አንዳንድ ትልልቅ ሙዚየሞች የማሳያ ሣጥኖቻቸውን በጨርቅ ሸፈኑ፣ አንዳንድ አዳራሾችንም ዘጉ። ክላዎክና ክሬግ በ1996 በስብሰባ የጠየቁት ነገር ከ28 ዓመት በኋላ የአገር ደንብ ሆነ ማለት ነው።

የኬነዊኩ ሰው መጨረሻ እንዲህ ሆነ። በዲሴምበር 2016 የአሜሪካ ምክር ቤት አጽሙ ለጎሣዎቹ እንዲመለስ በሕግ ወሰነ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማም ፈረሙበት። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2017 የአምስቱ ሕዝቦች ተወካዮች በርክ ሙዚየም መጥተው አጽሙን ተረከቡ። በማግሥቱ ቅዳሜ ማለዳ ከ200 በላይ ለቀስተኛ ተሰብስቦ በየሃይማኖቱ መሪዎች ጸሎት በወንዙ አገር ቀበሩት። መቃብሩ የት እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገሩም።